«ተከትቦም ኩፍኝ ያዘው»

በደሴ ዙሪያም ሆነ በአምባሰል፣ በሐይቅም ሆነ በባቲ፣ ቡና ተፈልቶ ስለ ክትባት ወሬ ሲነሳ ቶሎ የሚሰማው ነገር «ተከትቦም ኩፍኝ ያዘው፤ ታዲያ ምን ሠራለት?» የሚል ነው። ብዙ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ይቆጣል፤ አለዚያም «የተሳሳተ መረጃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህን የምትለው እናት ግን አልተሳሳተችም። ልጇ ካርድ አለው፤ ልጇ ታሟል። ሁለቱንም በዓይኗ አይታለች። ያልተነገራት ሒሳቡ ነው።

በአንድ ቀበሌ ለኩፍኝ ክትባት ዕድሜያቸው የደረሰ 100 ሕፃናት አሉ እንበል። 90ዎቹ በ9 ወራቸው አንድ ጊዜ ተከትበዋል፣ 10ሩ ቀርተዋል። በ9 ወር የሚሰጥ አንድ የኩፍኝ ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። ስለዚህ ከ90ዎቹ 76 ወይም 77 የሚሆኑት ተጠብቀዋል፤ 13 ወይም 14 የሚሆኑት መርፌው ቢገባም ሰውነታቸው አልያዘውም። አሁን ኩፍኝ ቀበሌው ገባ። ሊታመሙ የሚችሉት ያልተከተቡት 10 ልጆችና ተከትበው ያልያዘላቸው 13 ወይም 14 ልጆች ናቸው። ከታመሙት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተከተቡ ናቸው ማለት ነው! ከቤት ወደ ቤት ለቅሶና ጥየቃ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያይ ክትባቱን ቢጠራጠር ምን ይገርማል?

ሒሳቡን ግን ከሌላው ጫፍ ቆጥሩት። ካልተከተቡት 10 ልጆች ሁሉም ማለት ይቻላል ይታመማሉ። ከተከተቡት 90 ግን 76ቱን በሽታው አይነካቸውም። ጤነኛ ሆኖ የዋለ ልጅ ዘመድ ስለማይጠይቀው አይታይም፤ የሚታየው የታመመው ነው። ሁለተኛው ክትባት በ15 ወር የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ያልያዘላቸውን አብዛኞቹን ልጆች ይይዛል፤ ሁለቱንም የወሰዱ ልጆች ሲቆጠሩ ከ100 ውስጥ 97 ያህሉ ይጠበቃሉ። ሁለተኛው ዙር በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። «የ9 ወሩን ወስዷል፤ ጨርሷል» የሚለው የቆየ ልማድ ግን አሁንም በብዙ ቤት አለ፤ ልጅ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ለምን ለሁሉም አይዝም? ምክንያቱ እናት ናት፤ ደግ ምክንያት ነው። እናትየው ኩፍኝ ወጥቶባት ወይም ተከትባ ከነበረ፣ በሽታውን የሚከላከለውን ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጁ በኩል ለጽንሱ ትሰጠዋለች። ይህ ስንቅ ልጁን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ያልቃል። የኩፍኝ ክትባት ደግሞ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ፣ ሥራውን ለመሥራት በልጁ ሰውነት ውስጥ ጥቂት መራባት አለበት። የእናት ስንቅ ገና ያላለቀበት ልጅ ላይ ሲሰጥ፣ የልጁ ሰውነት ሳያውቀው የእናቱ ፀረ እንግዳ አካል ያጠፋዋል። ታዲያ ለምን 12 ወር እስኪሞላው አይጠበቅም? እንደኛ ኩፍኝ በሚመላለስበት አገር በሽታው ከሁሉ በላይ የሚያከፋው በትንንሾቹ ላይ ስለሆነ ነው። በ9 ወር ቢሰጥ ጥቂቱን ያመልጠዋል፤ በ12 ወር ቢሰጥ በመካከሉ ያሉትን ሦስት ወራት ልጁ ባዶውን ይከርማል።

ኩፍኝ ከሚተላለፉ በሽታዎች እጅግ ፈጣን ከሆኑት አንዱ መሆኑም መታወቅ አለበት። ማንም ባልተከተበበት ቦታ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያስይዛል። ስርጭቱን ለመግታት ከ100 ሰው 95ቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። «ግማሹ ከተከተበ ይበቃል» የሚባል ነገር ለኩፍኝ አይሠራም።

ሽማግሌዎች «እኛም ወጥቶብን አድገናል፤ ተፈጥሮ ይሻላል» ይላሉ። ያደጉት ናቸው የሚናገሩት፤ ያላደጉት ቡና ላይ ተቀምጠው ምስክርነት አይሰጡም። ሌላም ያልተሰማ ነገር አለ። ኩፍኝ ሰውነት ቀድሞ የተማረውን ያስረሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ያልተከተቡ ልጆችን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ መርምሮ፣ ልጆቹ በሌሎች በሽታዎች ላይ ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጡ አሳይቷል። ሽፍታው ከጠፋ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ልጁ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲሞት ቤተሰቡ ከኩፍኙ ጋር አያገናኘውም። ነገሩ የተጀመረው ግን እዚያ ነው።

ወደ ሰውነት ውስጥ እንግባ። ፔንታ የሚባለው ክትባት ጭን ላይ ሲሰጥ አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ ይከላከላል፤ እነሱም ዘጊ አነዳ (ዲፍቴሪያ)፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ ቢ፣ ደግሞም የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ የሆነው ሂብ ናቸው። አንዱም ሕያው ጀርም አይደለም፤ የተገደለ ጀርም፣ መርዙ የጠፋ መርዝና የጀርም ቁራጭ ነው። ጡንቻው ውስጥ ሲገባ በአካባቢው ያሉ ተቆጣጣሪ ሕዋሳት ያነሱትና በብሽሽት ወዳለው ንፍፊት ይወስዱታል። እዚያ ከብዙ ሚሊዮን ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል የዚያን ጀርም ቅርጽ የሚገጥሙት ጥቂቶቹ ይነቃሉ፤ ይባዛሉ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ፀረ እንግዳ አካል ደም ውስጥ ይታያል፤ ደካማ ነው፣ ብዙም አይቆይም። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ንፍፊቱ ውስጥ ሕዋሳቱ ለሳምንታት ይጣራሉ፤ ጀርሙን አጥብቆ የሚይዘው ይቀራል፣ ላላ ያለው ይሞታል። የተመረጡት ከፊሎቹ ወደ መቅኔ ሄደው ለዓመታት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ትዝታ ይዘው ይቀመጣሉ።

በአንድ ዓይነት ክትባት ሁለት ዙሮች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት የሚጠበቀው ለዚህ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛውን በ2 ሳምንት መስጠት ያልቦካ ሊጥ ምጣድ ላይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስለዚህ ገጠር ላይ «ዳግመኛ መምጣት ስለሚቸግራት ዛሬ እንጨርስላት» ብሎ ቀን ማሳጠር ለእናቲቱ ደግነት አይደለም።

መዘግየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን አጥብቄ ልናገር። የዘገየ ክትባት አይበላሽም። ልጁ በ6 ሳምንቱ የመጀመሪያውን ወስዶ ሁለተኛውን በ7 ወሩ ቢያመጡት ከሁለተኛው ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያው አይጀመርም። ትዝታ የያዙት ሕዋሳት ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ሦስተኛውን ከ4 ሳምንት በኋላ ይወስዳል። ብዙ እናት ቀኑ ካለፈባት «ይቆጡኛል» ብላ ካርዱን ሸሽጋ ትቀራለች። ቀን አልፏል ብሎ የሚቆጣ ሠራተኛ ያለበት ጤና ኬላ በእጁ ልጅ ያስቀራል።

መደበኛው ቀጠሮ ይህ ነው። እንደተወለደ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የመጀመሪያው የፖሊዮ ጠብታ ይሰጣል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታ፣ ለሳንባ ምች የሚሰጠው ፒሲቪና የፖሊዮ ጠብታ፤ ለተቅማጥ የሚሰጠው የሮታ ጠብታ በ6 እና በ10 ሳምንት፤ በ14ኛው ሳምንት የፖሊዮ መርፌ ይጨመራል። ኩፍኝ በ9 እና በ15 ወር ነው። አዳዲስ ክትባት ሲገባ ይህ ስለሚሰፋ ካርዱ ላይ ያለውን ተከተሉ።

በወሎ ቤት ውስጥ ይህ ቀጠሮ ከአራስ ወግ ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ። ክርስቲያን ቤት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሳለች። ሙስሊም ቤትም አርባው ሳይሞላ አራሷ መውጣት አትወድም። ወንዱ በ40 ቀኑ ከወጣ የ6 ሳምንቱ ክትባት እዚያው አጠገብ ነው፤ 42ኛው ቀን ነው። ሴቷ በ80 ቀኗ የምትወጣ ከሆነ ግን የ6 ሳምንቱም የ10 ሳምንቱም አልፏታል። ትክትክ ከሁሉ አብልጦ የሚገድለው ደግሞ በእነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው። ወጉን መንቀፍ አያስፈልግም። አያትም ብትሆን አባት፣ ልጅቷን ይዞ መምጣት የሚችል ሰው አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አራስ ለመጠየቅ ስትመጣ ይህንኑ መነጋገር ትችላለች። ዓይን የሚፈሩ ቤተሰቦችም አሉ፤ አራስ ልጅን ሰልፍ ላይ ለብዙ ሰው ማሳየት አይወዱም። ለእነሱ ሰው ሳይበዛ በጠዋት መቅጠር ምንም ወጪ የለውም።

አሁን እምነት የሚሰበርበት ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ልጁ ደኅና ሆኖ ሄዶ ታሞ ሲያድር።

የፔንታ ትኩሳት የሚመጣው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ሲሆን በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። ምክንያቱ የትክትኩ ክፍል ነው፤ ሙሉው የተገደለ ጀርም ስለሚገባበት ሰውነት አጥብቆ ይነሳበታል። የተወጋው ቦታ ቀላ፣ ጠጠር ብሎ ሊያብጥም ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ትኩሳት ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ቫይረሱ መራባት ስላለበት በ5ኛውና በ12ኛው ቀን መካከል ነው፤ በጥቂት ልጆች ላይ ቀለል ያለ ሽፍታም ይወጣል፤ ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም። ይህ ካልተነገራት እናት በሳምንቱ ሽፍታውን አይታ «ኩፍኙን ራሳቸው ሰጡት» ብትል ከእርሷ ይልቅ ያልነገራት ሰው ነው ጥፋተኛው።

ቢሲጂ ደግሞ ለብቻው ይነገር። በክንድ ላይ ቆዳ ውስጥ 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ትንሽ አበጥ ብሎ በግማሽ ሰዓት ይጠፋል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እዚያው ላይ ቀይ እብጠት ይወጣል፤ ይቆስላል፤ ትንሽ ሊያዥም ይችላል። ለሳምንታት ቆይቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። መርፌው ተበክሎ ሳይሆን ክትባቱ ሠርቶ ነው። ቅቤ፣ ቅጠል፣ ቅባት ወይም የአንቲባዮቲክ ዱቄት አይደረግበትም፤ አይፈርጥም፤ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይተዋል። ብብት ውስጥ ያለው ንፍፊት በጣም ካበጠ ወይም መግል ከቋጠረ ይታይ። ጠባሳ ያልወጣበት ልጅም አለ፤ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደገና አይወጋም።

ለትኩሳቱ ጡት አብዝቶ ማጥባትና ልብስ ማቅለል ይበቃል። ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ያለ ባለሙያ ፓራሲታሞል አይሰጥ። ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ መጠኑ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ 6 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ60 እስከ 90 ሚሊግራም። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም የያዘው ሽሮፕ ከሆነ ከ2.5 እስከ 3.75 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በሁለት መጠን መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆይ፤ በሾርባ ማንኪያ አይሰፈር። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ከአንዱ ሽሮፕ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ሳያነቡ መስጠት ስህተት የሚፈጠርበት ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ፣ ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለ ማቋረጥ ካለቀሰ ወይም የተወጋው ቦታ መግል ከያዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን መርፌ በአንዱ ያህል ያጋጥማል። የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ተከትቦ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቀመጥ ትርጉም አለው፤ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው መድኃኒት፣ አድሬናሊን፣ በሌለበት መከተብም ትክክል አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ባለሙያው ወገን ጥፋት ዝም ማለት አይገባም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቆየት አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ ባቲና ቆቦ ላይ ልክ ነው። በደላንታና በመቅደላ ደጋ ግን የባሰው ጠላት ብርዱ፣ ይልቁንም በረዶው ነው። ፔንታ፣ ፒሲቪ፣ ለእናቶች የሚሰጠው ቲዲ (የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አነዳ ክትባት)፣ የፖሊዮ መርፌና ኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር ክትባት) በረዶ እስኪሆኑ ከቀዘቀዙ ይበላሻሉ። አይስ ፓኩ (ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው የበረዶ ጥቅል) ከፍሪዘር እንደወጣ የክትባት መያዣው ሳጥን ውስጥ ሲገባ አጠገቡ ያለውን ብልቃጥ በረዶ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አይስ ፓኩን ጠረጴዛ ላይ ማቆየት፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ሲሰማ ብቻ መጨመር። ባቲ ላይ ቶሎ ነው፤ ደላንታ ላይ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፤ ችኮላ የሚያበላሸውም እዚያ ነው።

ብልቃጡ ላይ ያለችው ክብ ምልክት የምትናገረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው። በክቡ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ነጣ ካለ ይሠራል፤ ከዙሪያው ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ይጣላል። እናት «አሳዪኝ» ብትል መብቷ ነው፤ ሠራተኛዋም ደስ ብሏት ብታሳያት ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ቅዝቃዜን ግን ይህች ምልክት አትይዝም። ፔንታን፣ ቲዲን የመሰለ ብልቃጥ ቀዝቅዞ እንደሆነ ከተጠረጠረ ሌላ የዚያው ምርት ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ይደረጋል፣ ይሟሟል፣ ሁለቱ አብረው ተነቅንቀው ይቆማሉ። የተጠረጠረው ከቀዘቀዘው እኩል ወይም ፈጥኖ ከዘቀጠ ተበላሽቷል። የቀዘቀዘ ክትባት ለልጁ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፤ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ «ተከትቦም ትክትክ ያዘው» ተብሎ።

ኩፍኝና ቢሲጂ በዱቄት መጥተው በራሳቸው መበጥበጫ ይበጠበጣሉ። ከተበጠበጡ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ ለነገ አይቀመጡም። ተህዋስያንን የሚከላከል ነገር ስለሌለባቸው ባክቴሪያ ይራባባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ሱዳን ካፖኤታ 15 ሕፃናት የሞቱት የተበጠበጠ የኩፍኝ ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ለ4 ቀን ስለቆየና አንድ ሲሪንጅ ስለተደጋገመ ነው። ይህን መደበቅ አይጠቅምም። ክትባቱ አልገደላቸውም፤ አያያዙ ነው የገደላቸው፤ ልዩነቱን ሰው እንዲያምን ግን አያያዛችን መታየት አለበት። እያንዳንዱ ልጅ ከታሸገበት በፊቱ በሚከፈት፣ አንዴ ተወግቶ በሚቆለፍ ሲሪንጅ ይወጋል፤ ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል።

ከዚሁ ከ6 ሰዓቱ ሕግ የሚወለድ ሌላ ቁስል አለ፤ እንደ እኔ ግምት በገጠር ወሎ ከየትኛውም ሐሜት ይልቅ ልጆችን ያስቀረው እሱ ነው። የኩፍኝ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ሲመጣ «ብልቃጥ አይከፈትም፤ ሐሙስ ነይ» ይባላል። ቦረና ወይም ወግዲ ላይ ሸለቆ ወርዳ ሸለቆ ወጥታ የመጣች እናት ሐሙስ አትመለስም። የሚመከረው ለአንድ ልጅም ቢሆን መክፈት ነው፤ የቀረው ይጣል። የሚባክነው ክትባት ዋጋ አለው፤ ለኩፍኝ የቀረ ልጅ ግን ቀበሌውን ሙሉ ያስከፍላል። የክትባቱን ቀን ከገበያው ቀን ጋር አገናዝቦ መወሰንም እንደዚሁ ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ መሆኑን ያልቆጠረ ፕሮግራም ለወረቀት የወጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጤና ተቋማት ተዘርፈው ማቀዝቀዣዎች የጠፉባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ያኔ የተወለዱና ምንም ያላገኙ ልጆች አሉባቸው፤ እነሱን ስም በስም መፈለግ የእምቢተኝነት ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው።

ወደ ጥርጣሬው እንመለስ። ትልቁ «ማምከኛ ነው» የሚለው ነው፤ የሚነሳውም በቲዲና በኤችፒቪ ላይ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሰው ጥያቄው ምክንያት አለው። ለምን ለሴት ብቻ? ለምን በመውለጃ ዕድሜዋ? መልሱ ግልጽ ሆኖ መነገር አለበት። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው አይተላለፍም፤ ከአፈርና ከእበት ነው፤ አራስ ልጅ ላይ በእትብቱ ይገባል። ልጁ ለሁለት ቀን ያህል ደኅና ጠብቶ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መንጋጋው ይቆለፋል፣ ሰውነቱ ይገተራል። ለልጁ ያኔ ክትባት አይደርስለትም፤ የሚደርስለት እናቱ በማህፀን የሰጠችው ብቻ ነው። መርዙ ፈጣን ስለሆነ ትዝታ ብቻ አይበቃም፤ ፀረ እንግዳ አካሉ አስቀድሞ ደም ውስጥ መኖር አለበት። ስለዚህ አምስት ጊዜ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 4 ሳምንት፣ ሦስተኛው 6 ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው አንድ አንድ ዓመት ቆይተው። ሁለት የወሰደች ለ3 ዓመት፣ ሦስት የወሰደች ለ5፣ አራት ለ10፣ አምስት የወሰደች ለመውለጃ ዘመኗ ሁሉ ትጠበቃለች። ማስረጃው ሩቅ አይደለም፤ ይህን ክትባት ለሦስተኛ ልጃቸው፣ ለአራተኛ ልጃቸው እርግዝና ሁሉ የወሰዱ እናቶች በየቅሬው (በየዕድሩ) አሉ። ጠይቋቸው።

ኤችፒቪ በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ኅዳር ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተሰጥቷል። ውስጡ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ብቻ ነው። የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 ብቻቸውን 70 በመቶ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ። በለጋነት የሚሰጠው ከቫይረሱ ጋር ከመገናኘት በፊት ካልሆነ ጥቅሙ ስለሚቀንስ ነው፤ ልጅቷን ማንም አልጠረጠራትም። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አንዷ ስትወድቅ ሌሎቹም ይወድቃሉ፤ ፍርሃትና ባዶ ሆድ ነው የሚጥላቸው። ቁጭ ብለው ይወጉ፤ 15 ደቂቃ ይቀመጡ፤ የተወጋችው ባልተወጉት ፊት አትለፍ።

በፖሊዮ ጠብታ ላይ የሚነሳ አንድ እውነት አለ። ጠብታው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ ብዙ ልጅ ባልተከተበበት ቦታ ከልጅ ወደ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ ሊያሽመደምድ ይችላል። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ታይቷል። ይህን የሰማ ሰው «ጠብታው ነው የሚያሽመደምደው» ቢል ግማሹን ይዟል። ሌላው ግማሽ፣ ቫይረሱ የሚዘዋወረው ያልተከተበ ልጅ ስላገኘ መሆኑ ነው፤ ማቆሚያውም ያልተከተቡትን መከተብ ነው። ዘመቻ ሲመጣ «አምና ወስዷል፤ ለምን ይደገማል?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

ከውጭ የሚመጣውም ወሬ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ በማጅራት ገትር ወረርሽኝ መካከል ፋይዘር አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ክትባት አልነበረም፤ ቁጣው ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው የፖሊዮ ክትባት ሲቋረጥ ቫይረሱ አገር አቋርጦ በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያም ደረሰ። ክትባትና ኦቲዝም የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ተመሥርቶ የታተመ ጽሑፍ ነው፤ በ2010 ከመጽሔቱ ተሰርዟል፣ ጸሐፊውም የሕክምና ፈቃዱን አጥቷል። በቴሌግራም የሚዞረው ግን መሰረዙ ሳይነገር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለባለሙያዎች የምለው፣ መርፌውን ከመውጋታችሁ በፊት አራት ነገር ንገሩ፤ ዛሬ የሚወስደው ምን እንደሆነ፣ ምን ሊታይበት እንደሚችልና በስንተኛው ቀን፣ ያን ጊዜ ምን እንደምታደርግ፣ መቼ እንደምትመለስ። ሁለት ደቂቃ ነው። «ፈጽሞ አይታመምም» አትበሉ፤ ሁለቱንም የኩፍኝ ክትባት ከወሰዱት እንኳ ከመቶው ሦስት ያህሉ ሊታመሙ ይችላሉ፤ አንዱ ሲታመም ቃላችሁ ይወድቃል። በቅሬ ስብሰባ ላይ ከሊቀመንበሩ አሥር ደቂቃ ለምኑ። ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ላይ ሼሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱ የሚሉት ከማይክራፎን ይበልጣል፤ እነሱም ጥያቄ ስላላቸው አስቀድማችሁ ለብቻቸው አስረዷቸው። በእርዳታ እህል ወይም በቀበሌ መታወቂያ አታስፈራሩ። በግድ የተከተበ ቤት ሁለተኛውን ቀን ይሸሸጋል።

ካርድ ለጠፋባት እናት ደግሞ፦ መጀመሪያ ጤና ኬላው መዝገብ ላይ ይፈለግ። መዝገቡም ከጠፋ፣ በክንዱ ላይ የቢሲጂ ጠባሳ ካለ እሱ ተወስዷል ይባላል፤ የቀረው እንዳልተወሰደ ተቆጥሮ ይጀመራል። ትርፍ መጠን መውሰድ ለልጁ አደጋ የለውም። ዕድሜው ከ15 ወር ካለፈ ሁለቱን የኩፍኝ ክትባቶች በ4 ሳምንት ልዩነት ይወስዳል። በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ቢደርሰው በተለያየ ቦታ ይወጋል፤ አንድ ጭን ላይ ሁለት ከሆነ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ይራራቅ። አዲሱ ካርድ የዳቦ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ከቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጥ፤ ቁጥሩንም በስልክ ፎቶ አንሱት።